አንድ አውታር፣ አንድ ምላስ

(የትምህርት ቤታችን 50ኛ ዓመት በዓል በተዘጋበት ዕለት፣ በአዳራሹ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር)



ዕድሜዬ ገና 18 ዓመት፣ ዕውቀቴም ከዕድሜዬ ያነሰ ሲሆን፣ እንደዚህ ባለ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የበዓሉ ኮሚቴ በመጀመሪያ የሰጠኝ ርእስ «የትምህርት ጥቅም» የሚል ነበር። እኔ ግን ርእሱ እንዲለወጥልኝ ለምኜ፣ ስለ አንድ መሰንቆ መቺ ልነግራችሁ መጥቻለሁ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ስትሰሙ፣ ከመጀመሪያው ርእስ ብዙ እንዳልራቅሁ ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በዚህ ዓመት በጥቅምት ወር አዲስ ተማሪዎችን ለመቀበል በተደረገው ምሽት፣ በከተማችን በሰርግና በማኅበር የታወቁ አንድ አዛውንት መሰንቆ መቺ ተጠርተው ነበር። «ስሜ ይቅር፣ ሥራዬ ይነገር» ብለው ስለ ለመኑኝ ስማቸውን አልጠራም፤ ተማሪው ሁሉ እንደሚጠራቸው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ጋሼ በዚያ ምሽት ያለ ከበሮ፣ ያለ ክራር፣ ያለ ረዳት፣ ብቻቸውን ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወቱ። ተማሪውም እስክስታ ወረደ።

በማግሥቱ ሳምንት እኔ በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣሁ። ርእሱ «አንድ አውታር ለበዓላችን አይበቃም» የሚል ነበር። ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል፤ እንዲያውም ያመሰገናችሁኝ አላችሁ። በጽሑፉ ውስጥ አራት ነቀፌታ ነበረበት። አንደኛ፣ መሰንቆ መቺው አንዱን ዜማ መላልሰው መላልሰው ይጫወታሉ አልሁ። ሁለተኛ፣ ፍጥነታቸው አይረጋም፣ አንዴ ቀስ አንዴ ቸኮል ይላሉ አልሁ። ሦስተኛ፣ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ከበሮም የለበትም አልሁ። አራተኛ፣ ከሰው ግጥም ሲቀበሉ ምቱ ስለሚደክምባቸው ጨፋሪው ትከሻውን አንሥቶ ይቀራል አልሁ። በመጨረሻም፣ ለ50ኛው ዓመት በዓል እርሳቸውን ከመጥራት ይልቅ ድምፅ ማጉያ ተከራይተን የተቀረጸ ሙዚቃ ብናሰማ ይሻላል ብዬ ደመደምሁ።

እንዲህ ብዬ የጻፍሁት በክፋት አልነበረም፤ በዕውቀት የጻፍሁ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የመዝሙር መምህራችን በኦርጋን እየመሩ በአራት ድምፅ መዘመርን፣ ኖታ ማንበብንም አስተምረውናል። ስለዚህ ሙዚቃ ማለት በወረቀት የተጻፈ፣ ተቀምጠው የሚሰሙት፣ ብዙ ድምፅ በአንድነት የሚስማማበት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለዚያ ትምህርት ያለኝ ምስጋና ዛሬም አልቀነሰም። ይሁን እንጂ ቁና እህል ይሰፈርበታል እንጂ ጨርቅ አይለካበትም። እኔ በቁና ጨርቅ ስለካ ነበርሁ።

ጽሑፉ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዘበኛው መጥቶ «በር ላይ ሰው ይፈልግሃል» አለኝ። ስወጣ ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መሰንቆአቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቆመዋል። አጠገባቸው በ9ኛ ክፍል የምትማረው የእኅታቸው ልጅ ነበረች። እርስዋም በቤታቸው እንደምታድግ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እግሬ ተሳሰረ።

«አንተ ነህ የጻፍኸው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልሁ።

«እንግዲያስ አንብብልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ልጅቱ አንብባልኝ ነበር፤ ነገር ግን እያፈረች ስለ ሆነ ግማሹን ዋጠችው። አንተ ሳታፍር ጽፈኸዋልና ሳታፍር አንብበው።»

ጓደኞቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ እንደዚያ ያለ ንባብ ግን አንብቤ አላውቅም። በወረቀት ላይ የተሳለ መስሎ የታየኝ ቃል ሁሉ በሰውየው ፊት ስጠራው ደነዘብኝ። ጋሼ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ስጫወት አንተ የት ነበርህ?»

«በመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር።»

«ጨፍረሃል?»

«አልጨፈርሁም።»

«እንግዲያው ያየኸው ጭፈራ ነው እንጂ የሰማኸው የጭፈራ መሰንቆ አይደለም። ና፣ ከዛፉ ሥር እንቀመጥ» አሉኝ።

በዚያ ሰዓት በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ንጉሡ ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲዘፍን፣ የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት ሆና አይታ በልብዋ ናቀችው። ይህን ታሪክ ስንማር ሁላችንም በሜልኮል እንፈርድ ነበር። እኔ ግን በመስኮት ቆሜ እንደ እርስዋ እንደማይ አላወቅሁም ነበር።

ጋሼ ለነቀፌታዬ በየተራው መልስ ሰጡኝ። መልሳቸውን እንደ ሰማሁት ላቅርብላችሁ።

መጀመሪያ፣ አንዱን ዜማ ስለ መመላለስ የተናገሩት ይህ ነው። «ወደ አዳራሹ የምትወጣበትን ደረጃ አይተኸዋል? አንዱ እርከን ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ቢል ምን ትሆናለህ?» አሉኝ። «እወድቃለሁ» አልሁ። «ለሚጨፍር ሰው ዜማው ደረጃው ነው። የሚቀጥለው እርከን የት እንዳለ ሳያይ ማወቅ አለበት። ያን ጊዜ አእምሮው ከእግሩ ይላቀቅና ትከሻው ነፃ ይወጣል። እኔ ዜማውን በየጊዜው ብለዋውጥ አንተ በመስኮቱ ደስ ይልሃል፤ መሬት ላይ ያለው ግን ይሰናከላል።»

ይህን ብለው መሰንቆውን ከጨርቁ አወጡና አንዲት አጭር ዜማ አሥር ጊዜ መላልሰው መቱ። «ስንቱ ይለያያል?» አሉ። እኔ ሁለቱን ብቻ ለየሁ። ልጅቱ ግን ስድስት ቈጠረች። አንዱን ደጋኑን በረጅሙ ስበውታል፤ አንዱን በአጫጭሩ ቆራርጠውታል፤ አንዱን በጣታቸው አርገብግበውታል፤ አንዱን ደግሞ ከመጀመሪያው ምት ጥቂት ዘግይተው ገብተውበታል። እኔ «አንድ ነገር መላልሰው ይጫወታሉ» ያልሁት ጆሮዬ ልዩነቱን ለመስማት ስላልሠለጠነ ነበር።

ሁለተኛው ስለ ፍጥነት ነበር። ጋሼ «መሰንቆውን አልሰጥህም፤ እርሱን ለመያዝ ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። እጆችህን ብቻ አምጣ» አሉኝ። ከዚያም የእኅታቸውን ልጅና ሁለት ጓደኞችዋን አስነሡ። «ለእነዚህ ልጆች በቃን እስኪሉህ ድረስ አጨብጭብላቸው። ሌላ ምንም አታድርግ» አሉኝ።

ቀላል መስሎኝ ጀመርሁ። የአማርኛው የጭፈራ ምት፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ ስድስት ብለን ብንቈጥረው ሦስት ሦስት ሆኖ የሚከፈል፣ የሚያንደረድር ምት ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ደኅና ነበርሁ። በሁለተኛው ክንዴ ከበደኝ። በሦስተኛው ልጃገረዶቹ ሲሥቁ እኔም ሣቅሁና ምቱ አመለጠኝ፤ ልይዘው ብዬ ስሮጥ ደግሞ ፈጠንሁ። ልጆቹ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። ከጓደኞቼ አንዱ በተንቀሳቃሽ ስልኩ ቀርጾት ስለ ነበር፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ደቂቃ ያጨበጨብሁትን ስንቈጥር ልዩነቱ አሳፈረኝ። እኔ በሁለት እጅ አምስት ደቂቃ ያልቻልሁትን፣ ጋሼ በአንድ እጃቸው ደጋን እየሳቡ፣ በሌላው ዜማ እየለዩ፣ በአፋቸው እየዘፈኑ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይዘውታል።

«እኔም እፋጠናለሁ፣ አልክድህም» አሉ። «ነገር ግን የምፋጠነው ትከሻ ሲጠራኝ ነው። እስክስታ በዝግታ ይጀመርና እየጋለ ይሄዳል። ዓይኔን ከጨፋሪው ትከሻ አላነሣም። ትከሻው ቀድሞኝ ሲሄድ እከተለዋለሁ፤ ትንፋሹ ሲያጥር ደግሞ መልሼ አሳርፈዋለሁ። አንተ ተንቀጥቅጠህ ነው የፈጠንኸው፤ እኔ አይቼ ነው።»

ይህን ነገር በኋላ ብዙ አሰብሁበት። የተቀረጸ ሙዚቃ የሚናቅ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ ባያስቀርጹ ኖሮ፣ የዚያን ዘመን ድምፅ ዛሬ ልንሰማው አንችልም ነበር። ይሁን እንጂ ሸክላ ያሰማል እንጂ አያይም። ጨፋሪው ደከመ ብሎ አይዘገይም፤ አንዲት ዓይነ አፋር ልጅ ወደ መካከል ስትገባ አይቶ ለእርስዋ ብሎ አይለሰልስም። በእኔ ጽሑፍ እንደ ጉድለት የተቈጠረው የፍጥነት መለዋወጥ፣ የሚያይ ሰው ከማያይ ዕቃ የሚለይበት ዋና ነገር ነበር።

ሦስተኛው ስለ ድምፁ መሻከርና ስለ ከበሮው ነበር። ጋሼ መሰንቆአቸውን በእጄ አስይዘው አሳዩኝ። ሣጥኑ በአራት ማዕዘን፣ እንደ ዓይነ በግ ሆኖ የተሠራ እንጨት ነው፤ በላዩ ቆዳ ተወጥሮበታል። አውታሩ አንድ ይባል እንጂ ከፈረስ ጭራ የተወሰዱ ብዙ ጠጕሮች በአንድነት ተሰብስበው ነው። ደጋኑም እንደዚሁ በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው። እንግዲህ ጠጕር በጠጕር ላይ ይሳባል ማለት ነው። ደጋኑ አውታሩን ነክሶ እንዲይዘው ሙጫ ይቀባል። አውታሩ ከእጀታው ርቆ በአየር ላይ የተወጠረ ስለ ሆነ፣ የመቺው ጣት አውታሩን በጐን ይነካዋል እንጂ እንደ ጊታር በእንጨት ላይ አይጫነውም። እያንዳንዱን ድምፅ ጣት በራሱ ፈልጎ ያገኘዋል ማለት ነው፤ ምልክትም መስመርም የለውም። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች በዚያ በአንድ አውታር ላይ በጣት መታሰቢያ ብቻ ይገኛሉ።

«ለስላሳ ድምፅ ለተቀመጠ ሰው ነው» አሉኝ። «መቶ ሰው መሬቱን ሲመታ፣ ሴቶች እልል ሲሉ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ለስላሳው ድምፅ ይሰምጣል። ሻካራው ግን ሰንጥቆ ይወጣል። ደጋኑ አውታሩን ሲነክስ የምትሰማው ያ መሻከር፣ ምቱ እዚህ ጋ ነው ብሎ ለእግር የሚናገረው እርሱ ነው። ከበሮ ሳይኖር ከበሮ የሚሆነኝ እርሱ ነው።»

ከዚህ በኋላ ጥቂት ዝም አሉ። ልጅቱም አንገትዋን ደፋች። ጋሼ ቀጠሉና «ከበሮ ነበረኝ» አሉ። «ባለቤቴ ነበረች የምትመታው። ሃያ ዓመት አብረን ሠራን። እኔ ስዘፍን እርስዋ ምቱን ትይዛለች፤ እርስዋ ስትዘፍን እኔ እይዛለሁ። ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ሌላ ሰው ልቅጠር ብል ክፍያው ለሁለት አይበቃም። ብቻውን የሚጫወት ሰው ሁሉ፣ ልጄ፣ ብቻውን መጫወትን መርጦ አይደለም።»

ወላጆች ሆይ፣ እኔ በግድግዳ ጋዜጣ ላይ «ከበሮ የለበትም» ብዬ ስጽፍ እነዚህ ቃላት የማንን መቃብር እንደሚነኩ አላወቅሁም። ስለማንኛውም ሰው ሥራ ስንጽፍ «ይህ ጐደለ» ማለት ቀላል ነው፤ «ለምን ጐደለ?» ብሎ መጠየቅ ግን በሩን ማንኳኳት ይጠይቃል። እኔ በሩን አላንኳኳሁም ነበር።

ወደ አራተኛው ነቀፌታ ስንደርስ ሌላ ቁጣ ወይም ሌላ ኀዘን ጠብቄ ነበር። ጋሼ ግን ፈገግ አሉ። «ይህ እውነት ነው» አሉኝ።

እንደምታውቁት አዝማሪ ሲጫወት ከተሰብሳቢው አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ያንን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ግጥሙ ሁለት ትርጉም፣ ሰምና ወርቅ፣ ያለው ቢሆን አንድ ቃል ማጥፋት ወርቁን መጣል ነው። «ያን ጊዜ» አሉ ጋሼ፣ «ጆሮዬ ወደ ሰውየው አፍ ይሄዳል። ጆሮ ሲሄድ እጅ ይደክማል። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ በነበረች ጊዜ ግን በከበሮዋ ትሸፍንልኝ ስለ ነበር ማንም አያውቅብኝም። አንተ ዐወቅህብኝ። ሦስቱን ነገር ሳታውቅ ጻፍህ፤ አራተኛውን ግን ጆሮህ በትክክል ሰማ። ለአራተኛው አመሰግንሃለሁ።»

ይህ ምስጋና ከማንኛውም ተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ። እኔ ከአራት ነገር አንዱን ብቻ አግኝቼ አራቱንም በአንድ ድፍረት ጽፌ ነበር። እርሳቸው ግን ሦስት ጊዜ ያለ አግባብ ተወቅሰው ሳለ፣ እውነተኛውን ወቀሳ ከሐሰተኛው መካከል ለቅመው ተቀበሉ። ከሁለታችን የተማረው ማን እንደ ነበረ ለእናንተ ፍርድ እተወዋለሁ።

እኔም በኋላ በመጻሕፍት ቤት ያነበብሁት ነገር የጋሼን ቃል አጸናልኝ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 በግብጻዊው የሙዚቃ ሊቅ በሐሊም ኤል ዳብ አማካይነት «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» ሲቋቋም፣ መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድነት እንዲጫወቱ ተደርጎ ነበር። ይህም ትልቅ ሥራ ነው። በኅብረት ሲጫወቱ ግን አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸፍንለታል፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ምቱን ይይዛል። ብቻውን ለጭፈራ የሚጫወት ሰው የሚተነፍስበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ብቸኛውን በኅብረቱ ሚዛን መመዘን፣ አንዱን ገበሬ በደቦ ከሚያርሰው ጋር አወዳድሮ ሰነፍ እንደ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አስተዋልሁ። በአገራችን አዝማሪን መናቅ የቆየ ልማድ ነው። ዘፈኑን ወደን፣ በዘፈኑ ጨፍረን፣ «አዝማሪ» የሚለውን ስም ግን እንደ ስድብ እንጠራዋለን። ጠላት ግን የአዝማሪን ኃይል ከእኛ ይልቅ አውቆት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። አንድ አውታር ብቻ የያዘን ሰው እስከዚህ ድረስ የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ያን አውታር በጥይት ዝም ሊያሰኙት የፈለጉ ነበሩ። እኛ ደግሞ በንቀት ዝም ባናሰኘው መልካም ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሰንቆ እንደ ማንኛውም የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ ይህን ሳውቅ እኔ በኦርጋን የኰራሁበት ኩራት ሥር እንዳልነበረው ተረዳሁ።

አሁን የጽሑፌን ፍሬ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ እዚህ የቆምሁት በእርሱ ምክንያት ነው። ጽሑፉ ከግድግዳው ከመነሣቱ በፊት ከተማሪዎቻችን አንዱ ለአባቱ ነግሮት፣ አባትየውም ለጥር ሰርግ ጋሼን ሊጠራ አስቦ የነበረውን ትቶታል። ይህን የነገሩኝ ጋሼ አይደሉም፤ በኋላ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። የአንድ ሰርግ ክፍያ ለእኛ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለዚያ ቤት ግን እንጀራ ነው፤ አጠገባችን የምትቀመጠው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደብተርና የደንብ ልብስ ነው። ብዕር ከጦር ይብሳል ሲባል እንሰማለን፤ ጦር ግን የወጋውን ሰው ያያል። ብዕሬ ማንን እንደ ወጋ እኔ አላየሁም ነበር።

የበዓሉ ኮሚቴ በታኅሣሥ ተሰብስቦ ስለ ሙዚቃው ሲነጋገር፣ ድምፅ ማጉያ ለመከራየት ሊወስን ጥቂት ነበር የቀረው። እንደ ማስረጃ የቀረበውም የእኔ ጽሑፍ ነበር። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ስለ ሆንሁ ቃለ ጉባኤውን በእጄ ስጽፍ፣ የገዛ ቃሌ በእኔ ላይ ሲመሰክር አየሁ። ስለዚህ እንድናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። ከአራቱ ነቀፌታዎች ሦስቱ ስሕተት መሆናቸውን፣ አራተኛው ግን እውነት መሆኑንና መድኃኒትም እንዳለው አስረዳሁ። መድኃኒቱ ከበሮ ነው። ከበሮውን የምትመታ ሰው ደግሞ በቤታቸው አለች፤ ከአክስትዋ ተምራለች፤ የቀራት የሚጋብዛት ብቻ ነው። የኮሚቴው አባላትም ብዙ ከተከራከሩ በኋላ፣ ጋሼና የእኅታቸው ልጅ በአንድነት እንዲጠሩና ክፍያውም ለሁለት ሰው እንዲሆን ተስማሙ።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። ለማያውቁት ወላጆች ግን በአጭሩ ልንገራቸው። ጋሼ ደጋኑን ሲያነሡ ልጅቱ ከበሮዋን አንግታ ከጐናቸው ቆመች። በመጀመሪያ እጅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ ዘወር ብለው ሳያዩዋት ደጋናቸውን ጠንከር አድርገው ሳቡና ምቱን ሰጥዋት፤ እርስዋም ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ ከወላጆች አንዱ ተነሥተው «ተቀበል!» ባሉ ጊዜ፣ ጋሼ ጆሮአቸውን ወደ ሰውየው ሰጡ፤ ምቱ ግን አልደከመም። ከበሮው ይዞታል። አንድም ትከሻ በአየር ላይ አልቀረም። ጋሼም ያን ጊዜ ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን ያየሁት እኔ ብቻ አይመስለኝም።

እኔም በዚያ ቀን በመስኮት አልቆምሁም፤ ከጨፋሪዎቹ መካከል ነበርሁ። እስክስታዬ እንዴት እንደ ነበረ የሣቃችሁት ስለምታውቁ አልናገርም። ነገር ግን ያን ዜማ «መላልሶ» ሲመጣ፣ ጋሼ እንዳሉት፣ እግሬ ደረጃውን ሳያይ አገኘው። በጥቅምት ወር በጆሮዬ ያልገባኝ ነገር ያን ዕለት በትከሻዬ ገባኝ። ጋሼም በመካከላችሁ አይተውኝ፣ እንዲህ ብለው ገጠሙልኝ፤

«አንድ አውታር ነው ብሎ የናቀኝ ተማሪ፣
እሱስ በአንድ ምላስ አይደል ተናጋሪ?»

አዳራሹ በሣቅ ሲሞላ እኔም ሣቅሁ። ሆኖም ግጥሙን ወደ ቤት ይዤው ሄድሁ። ሰሙ ቀልድ ነው፤ ወርቁ ግን ተግሣጽ ነው። ሰው አንድ ምላስ ብቻ ስላለው ድሀ አይባልም፤ ቁም ነገሩ በዚያ በአንዱ ምላስ ምን ይናገርበታል የሚለው ነው። እርሳቸው በአንድ አውታር መቶ ሰው አስጨፈሩ። እኔ በአንድ ምላሴ የአንድ ቤት ሰርግ አስቀረሁ።

ጓደኞቼ፣ ይህን ሁሉ ስል ነቀፌታ ይቅር ማለቴ አይደለም። ነቀፌታ ባይኖር ኖሮ ከበሮው ወደዚያ ቤት አይመለስም ነበር፤ ይህን ጋሼ ራሳቸው ነግረውኛል። የሚያስተምረን ነቀፌታ ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ፣ ሥራው ለምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለጭፈራ የሚመታ መሰንቆ በጨፋሪው ትከሻ ይመዘናል እንጂ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ብቻ አይመዘንም። ሁለተኛ፣ ሠሪውን ቀርቦ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የተሳሳትን እንደ ሆነ ስሕተታችንን በተናገርንበት ቦታ ማረም ያስፈልጋል።

በዚህ በሦስተኛው ነገር ዕዳ አለብኝ። ጋሼን ከዛፉ ሥር ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «ተወው፣ ልጄ» ብለውኛል። ነገር ግን ነቀፌታዬ የተለጠፈው በአደባባይ ነበር፤ ይቅርታዬ በጆሮ ብቻ ሊቀር አይገባውም። ርእሴ እንዲለወጥልኝ የለመንሁትም ስለዚህ ነው። ጋሼ ዛሬ ከአዳራሹ በስተኋላ፣ በመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ጋሼ፣ ሳላውቅ ስለ ጻፍሁት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ስለ አራተኛው ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ አመስግነውኛልና።

ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሰርግ ወይም ማኅበር ሲኖርባችሁ ጋሼን ጥሩ። በምትጠሩአቸው ጊዜ የሁለት ሰው ክፍያ አዘጋጁ፤ ከበሮዋም አብራ ትምጣ። ከሁሉም በላይ ግን በመስኮት አትቁሙ፤ ወደ መካከል ግቡ።

ትምህርት ቤታችን ለሚቀጥሉት 50 ዓመታት በደስታና በጤና ያድግ ዘንድ እየተመኘሁ ንግግሬን በዚሁ አበቃለሁ።